በጊዜው የሚደርስ መልስ

የሲሚንቶ ኪልን ቀርቦ ላየው ሰው ቀርፋፋ ነገር ነው። ረጅም የብረት በርሜል፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ የተጋደመ፣ በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ዙር ብቻ የሚዞር። ውስጡ ግን የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተደባልቀው እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይግላሉ። ከዚያ የሚወጣው ጓል ክሊንከር ይባላል፤ ክሊንከሩ ከጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። ድሬዳዋ ይህን ሥራ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። የኪልን ትልቁ ጠላት ድንገተኛ መቆም ነው። እንደጋለ ከቆመ የብረት ገላው በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ኪልን ደግሞ ፋብሪካውን ሙሉ ሥራ ያስፈታል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የራሱ ኃይል ያለው ረዳት ሞተር ተነስቶ በርሜሉን ቀስ እያለ ማዞር አለበት። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ በደቂቃዎች ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ የመጣው ሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው።

በዚያው ከተማ፣ ወጣ ብሎ ባለው አዲሱ ባቡር ጣቢያ በኩል የሚያልፈው ሎኮሞቲቭ ሌላ ዓለም ነው። ከአናቱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይቀበላል። ይህን ኃይል ለሞተሮቹ በሚስማማ መልክ የሚለውጡት በሰከንድ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ጊዜ የሚበሩና የሚጠፉ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሾርት ቢገጥመው ሳይቃጠል የሚታገሠው 10 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሰው ዓይኑን አንዴ ሲያርገበግብ ከ100 ሺህ ማይክሮ ሰከንድ በላይ ያልፋል።

ኪልኑም ሎኮሞቲቩም የሚመሩት በኮምፒዩተር ነው፤ የሁለቱም ሥራ ሪል ታይም ይባላል። የጊዜ ገደባቸው ግን በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ይራራቃል። ይህን ይዘን ወጣት መሐንዲሶች አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ቀድመው ወደሚያነሱት ጥያቄ እንምጣ፤ በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልሥራው? ሊኑክስ ይሁን? ዊንዶውስ? ወይስ በውድ ዋጋ የሚሸጡት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መልሱ ምን ያህል ቢዘገይ ምን እንደሚጠፋ ነው። ይህ በቁጥር ካልተጻፈ የሲስተም ምርጫው የሠፈር ወሬና የማስታወቂያ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

የዘገየ መልስ ምን እንደሚያስከፍል ድሬዎች በመራራ መንገድ አውቀውታል። የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ በላይኛው ደጋ የጣለው ዝናብ በወንዙ ወርዶ ከተማውን መታ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ዝናቡ የጣለው ሌላ ቦታ ነበር፤ ውሃው ከዚያ እስኪወርድ የተወሰነ ጊዜ ነበረ። አሁን አንድ መሣሪያ እናስብ፤ ላይ ተተክሎ የውሃውን ከፍታ የሚለካ፣ ስሌቱ ፍጹም ትክክል የሆነ፣ ነገር ግን መልእክቱ ውሃው መጋላ ሠፈር ከደረሰ በኋላ የሚመጣ። የዚያ መሣሪያ መልስ በሒሳብ ልክ ነው፤ ለተኛው ሰው ግን ምንም ነው። ሪል ታይም ሥራን ከሌላው የኮምፒዩተር ሥራ የሚለየው ይኸው ነው፤ መልሱ ልክ የሚሆነው ይዘቱም ሰዓቱም ልክ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ሁሉም መዘግየት እኩል አያስከፍልም። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፅ ለቅጽበት ቢቆራረጥ ሰው ይናደዳል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ገደብ ለስላሳ ነው። የባቡር ፍሬን የሚያዘው ኮምፒዩተር ግን አንድ ጊዜ ቢያሳልፍ ለጥፋት በቂ ነው፤ ያ ጥብቅ ገደብ ይባላል። ከዚህ በኋላ የምናወራው በአብዛኛው ስለ ጥብቁ ነው።

ታዲያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል? ፕሮሰሰሩ አንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም ስምንት ኮር ይኖረዋል። ሥራ ፈላጊው ፕሮግራም ግን በመቶ ይቆጠራል። አሁን ማን ይሂድ፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ሳቢያን ሠፈር ባጃጅ መቆሚያ ላይ እንደሚቆም ተራ አስከባሪ ማለት ነው። ለቤትና ለቢሮ የተሠራ ሲስተም የደግ ተራ አስከባሪ ጠባይ አለው፤ ማንም ተገፍቶ እንዳይቀር ለሁሉም ያዳርሳል፣ በቀኑ መጨረሻ ብዙ ሰው ተጓጉዞ ማየት ይፈልጋል። ሪል ታይም ሲስተም ግን ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ተራውን ሁሉ ያፈርሳል፤ ባጃጁ ውስጥ የተሳፈረ እንኳ ካለ ያወርዳል። እሷ እስክትሄድ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በቀኑ መጨረሻ የተጓጓዘው ሰው ቁጥር ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ሪል ታይም የተባለ ሲስተም በጠቅላላ ሥራ ብዛት ሲለካ ከተራው ሲስተም ትንሽ ቢያንስ የሚያስገርም ነገር የለም፤ የተገዛው ለሌላ ነገር ነው።

አሁን አንዲት ሚሊ ሰከንድ ከፍተን እንያት። ዳሳሹ ምልክት ላከ፤ ፕሮሰሰሩ የያዘውን አቋርጦ ምልክቱን መቀበል አለበት። ይህ ኢንተራፕት ይባላል። በዚያች ቅጽበት ግን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሊቋረጥ የማይፈቅደው ሌላ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የዲስክ ወረፋ እያደራጀ፣ ወይም ከኔትወርክ የመጣ ጥቅል እየፈታ። ይጠብቃል። ከዚያ ምልክቱን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ይቀሰቀሳል፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ አንድ ክፍል ከሜሞሪ ወጥቶ ወደ ዲስክ ተልኮ ከሆነ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ሚሊ ሰከንዶች ይነጉዳሉ። ኮሩ ኃይል ለመቆጠብ አንቀላፍቶ ከነበረ መንቃት አለበት። ይባስ ብሎ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሳያስፈቅድ ፕሮሰሰሩን ለራሱ ጉዳይ የሚነጥቅበት አጋጣሚ አለ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከርነሉ የቱንም ያህል ቢታረም ከሱ በታች ባለው ዕቃ ላይ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻውን አይመረጥም፤ ከሚጫንበት ቦርድ ጋር ነው የሚመረጠው።

የድሬ ሙቀት ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ያለ እንከን የሠራ ፕሮግራም ድሬ ላይ በግንቦት ቀትር፣ አቧራ የዘጋው ማራገቢያ ባለበት የብረት ሳጥን ውስጥ ገደቡን ሊያሳልፍ ይችላል። ፕሮግራሙ አልተለወጠም፤ ሲስተሙም አልተለወጠም። የተለወጠው ፕሮሰሰሩ በሰከንድ የሚሠራው መጠን ነው። ማራገቢያ የሌለው፣ ፍጥነቱ የማይዋዥቅ፣ ለኢንዱስትሪ የተሠራ ቦርድ በወረቀት ላይ ከዘመናዊ ላፕቶፕ ደካማ ይመስላል። ለዚህ ሥራ ግን እሱን እመርጣለሁ፤ ደካማነቱን አውቄ ማስላት እችላለሁና።

የመዘግየቱን ሒሳብ በባቡሩ ላይ እንሥራው። በ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ባቡር በየሰከንዱ 33 ሜትር ይጓዛል። የመቆጣጠሪያው ኮምፒዩተር በ10 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ባቡሩ 33 ሴንቲ ሜትር ይቀድመዋል። ለመቆም ብዙ መቶ ሜትር ለሚፈልግ ባቡር 33 ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም። እንግዲህ ማንኛውም ሲስተም ይበቃል ማለት ነው? አይደለም። ያው ኮምፒዩተር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዲስኩ ስለተጨናነቀ ወይም ማሻሻያ እያወረደ ስለነበር፣ ለ3 ሰከንድ ቢደነዝዝ ባቡሩ 100 ሜትር ያህል ማንም ሳያየው ይሄዳል። የአማካይ ፍጥነቱ ሠንጠረዥ ይህን አይነግረንም፤ ከብዙ ሚሊዮን ጥሩ መልሶች ጋር ሲደባለቅ አንዷ መጥፎ መልስ ትጠፋለች። ሲስተም ሲመረጥ መታየት ያለበት በዕድሜው ያሳየው የከፋ መዘግየት ነው፤ ከተቻለም ከዚህ አያልፍም ተብሎ በስሌት የተረጋገጠው ጣሪያ።

በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ የደረሰውን የሚያስታውሱ የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች ዛሬም በድሬ አሉ። ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ወደቁ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋ ሆኖ ይጠቀሳል። በዚያ ዘመን በሹፌሩና በጠመዝማዛው መካከል ሌላ ጠባቂ አልነበረም። ዛሬ በዓለም ላይ በብዙ ሐዲዶች የሚሠሩት የፍጥነት ተቆጣጣሪ ኮምፒዩተሮች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከፊት ያለውን የፍጥነት ገደብ ያውቃሉ፣ ባቡሩ አሁን ካለበት ፍጥነት እዚያ እስኪደርስ ፍሬን መቼ መያዝ እንዳለበት ደጋግመው ያሰላሉ፣ ሹፌሩ ካልያዘ ራሳቸው ይይዛሉ። ይህ ስሌት አስቸጋሪ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። አስቸጋሪው ስሌቱ በየጊዜው፣ ሳይዘል፣ ለዓመታት እንዲደገም ማድረግ ነው።

ሳይንሱ በዚህ ላይ የሰጠን አንድ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሊዩ እና ሌይላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገሙ ሥራዎች በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ሲሰለፉ ምን እንደሚሆን አጠኑ። ቶሎ ቶሎ ለሚደጋገመው ሥራ ቅድሚያ ከተሰጠ፣ ፕሮሰሰሩም ከ69 ከመቶ በላይ እስካልተጫነ ድረስ፣ የሥራዎቹ ቁጥር የቱንም ያህል ቢሆን አንዱም ገደቡን እንደማያሳልፍ በሒሳብ አረጋገጡ። ሥራዎቹ እርስ በርስ የማይጠባበቁ መሆን አለባቸው። ከ69 በላይ መጫን አይቻልም ማለት አይደለም፤ ሥራዎቹ አንድ በአንድ መመርመር አለባቸው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ 95 ከመቶ ተይዞ ገንዘባችንን አሟጠን ተጠቀምን የሚል ሰው ሪል ታይም ሥራ ላይ ሲገኝ ያስፈራኛል።

እርስ በርስ ሲጠባበቁስ? የዚህ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከማርስ ነው። ፓዝፋይንደር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ አረፈች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ኮምፒዩተሯ በራሱ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። የምትሠራበት ሲስተም ቪኤክስወርክስ የሚባለው፣ በሪል ታይም ዓለም ስሙ የታወቀ ነበር። ሦስት ሥራዎች ነበሩ። አንደኛው ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው፣ የመንኮራኩሯን የመረጃ መስመር የሚያስተዳድር፤ ሁለተኛው ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው፣ የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስብ፤ ሦስተኛው መካከለኛ፣ የመገናኛ ሥራ የሚሠራ። የአየር ጠባዩ ሥራ የጋራውን ቁልፍ ለአፍታ ይይዛል። ትልቁ ሥራ ቁልፉን ሲፈልግ መጠበቅ አለበት፤ ለአፍታ ስለሆነ ችግር የለም። ነገር ግን በዚያች አፍታ መካከለኛው ሥራ ይመጣና፣ በቅድሚያው ስለሚበልጥ፣ ቁልፍ የያዘውን ትንሹን ሥራ ያስቆመዋል። ትንሹ ካልጨረሰ ቁልፉን አይለቅም። እንግዲህ ትልቁ ሥራ፣ በጉዳዩ ውስጥ በሌለበት በመካከለኛው ምክንያት፣ ተገትሮ ቀረ። የሚቆጣጠረው ሰዓት ትልቁ ሥራ በጊዜው እንዳልጨረሰ ሲያይ አደጋ አለ ብሎ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነሳ።

መፍትሔው በሲስተሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ትንሹ ሥራ ትልቁ የሚፈልገውን ቁልፍ እስከያዘ ድረስ የትልቁን ቅድሚያ ይውረስ የሚል ሕግ አለ፤ ለዚያ ቁልፍ ግን ሳይከፈት ቀርቶ ነበር። የናሳ መሐንዲሶች ምድር ላይ ባለው ቅጂ ችግሩን ደግመው እስኪያገኙት ለፉ፤ ካገኙት በኋላ ማስተካከያውን በሬዲዮ ላኩ፣ መንኮራኩሯም ዳነች። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ያገኙበት መንገድ ነው። መንኮራኩሯ ከመላኳ በፊት እያንዳንዱን ክንውን ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ክፍል ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብተው ነበር፤ ስትላክም አላወጡትም። ስመ ጥር ሲስተም መግዛት ከችግር አላዳናቸውም፤ ሲስተሙ ውስጥ ገብተው የሚያዩበት መስኮት መኖሩ ግን አዳናቸው። ስለዚህ አንድ ሲስተም ሲቀርብልኝ ከምጠይቃቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው፤ ሲበላሽ ውስጡን ማየት እችላለሁ ወይ?

ወደ ምርጫው እንሂድ። በማይክሮ ሰከንድ ለሚቆጠረው የሎኮሞቲቭ ማብሪያ ማጥፊያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አያስፈልግም። ሾርት ሲመጣ የሚዘጋው እዚያው አጠገቡ የተቀመጠ ኤሌክትሮኒክ ዑደት ነው፤ ማንንም አያስፈቅድም። ከሱ ከፍ ያለው የፋብሪካ ሥራ፣ ቫልቭ መክፈት፣ ሞተር ማስነሳት፣ የኪልኑን ረዳት ሞተር መቀስቀስ፣ ፒኤልሲ የሚባለው የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር ድርሻ ነው። ፒኤልሲ ግብአቱን ያነባል፣ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አንዴ ይሠራል፣ ውጤቱን ያወጣል፣ እንደገና ይጀምራል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወይም በአሥር ሚሊ ሰከንዶች ያልቃል። አሰልቺ ነው፤ አሰልቺነቱ ነው የሚፈለገው። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ራሱ አንብቦ ያስተካክለዋል።

ከዚያ በላይ፣ የምስል ሒሳብ፣ የሮቦት እንቅስቃሴ፣ ብዙ ዳሳሽ አንድ ላይ ማንበብ ሲመጣ ምርጫው ሰፊ ይሆናል። ዊንዶውስን ለዚህ አልመክርም። ኦፕሬተሩ ለሚያየው ስክሪን፣ ለሪፖርትና ለመዝገብ ጥሩ ነው፤ ስክሪኑ ለ5 ሰከንድ ቢደርቅ ኪልኑ አይጎብጥም። ገደብ ያለው ሥራ ግን በማሻሻያ ሰዓቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን በሌለኝ ሲስተም ላይ አይቀመጥም።

ሊኑክስ የተለየ ታሪክ አለው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው ለጥብቅ ገደብ አልታሰበም ነበር። ኢንጎ ሞልናርና ቶማስ ግላይክስነርን የመሳሰሉ ሰዎች ከርነሉ በማንኛውም ቅጽበት ሊባል በሚችል ደረጃ እንዲቋረጥ ለማድረግ 20 ዓመት ገደማ ለፉ። ሥራቸው ፕሪኤምፕት አርቲ ይባላል። ለረጅም ጊዜ ለብቻው እየተለጠፈ የሚሠራ ተጨማሪ ክፍል ነበር፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር አብሮ መታደስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ተጠቃልሎ ዋናው ከርነል ውስጥ ገባ፤ የመጀመሪያው እትም 6.12 ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚህ በኋላ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለ ፈቃድ ክፍያ፣ ርካሽ ቦርድ ላይ፣ ምንጩን እያነበበ ሪል ታይም ሥራ መማር ይችላል። በደንብ በተመረጠ ቦርድ ላይ፣ በደንብ ከተስተካከለ፣ የከፋው መዘግየት ከ100 ማይክሮ ሰከንድ በታች መቆየቱ የተለመደ ነው። ተራው ሊኑክስም ሥራ ሲፈታ ፈጣን ነው፤ ዲስኩና ኔትወርኩ ሲጨናነቁ ግን በሚሊ ሰከንዶች ይዘላል።

ኪውኤንኤክስ በሌላ መንገድ ሄደ። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ልጆች የጀመሩት ነው፤ ዛሬ የብላክቤሪ ንብረት ሲሆን በመኪናዎች ውስጥ በብዛት ይገኛል። ከርነሉ በጣም ትንሽ ነው፤ የዲስክ፣ የኔትወርክና የሌላውም ዕቃ አሽከርካሪ ፕሮግራም ከከርነሉ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ይኖራል። አንዱ ቢሞት ሌላው አይሞትም፤ የሞተውም ይነሳል። ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል። ዋጋ ያስከፍላል፤ የፈቃድ ገንዘቡም በውጭ ምንዛሬ ነው። ይህ ለአንድ የኢትዮጵያ ድርጅት ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ የምንዛሬ ወረፋ የሲስተሙ አካል ሆነ ማለት ነው።

በሌላው ጫፍ ፍሪ አርቶስ አለ። ሪቻርድ ባሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ነው። ከርነሉ በጥቂት ኪሎ ባይት የሚለካ፣ በነጻ የሚገኝ፣ በርካሽ ቺፖች ላይ የሚሠራ። ሙሉውን ኮድ አንድ ሰው ተቀምጦ አንብቦ ሊጨርሰው ይችላል። ለጥብቅ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ባሕርይ ብዙ አላውቅም።

የሐዲድ ደኅንነት ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከአዳማ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ መስመር ነጠላ ሐዲድ ነው፤ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። በ1895 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡር ድሬ ሲደርስም ነጠላ ነበር፤ ያኔ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ የሚጠብቁት የጣቢያ ኃላፊዎችና ቴሌግራፉ ነበሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይህን የሚጠብቀው ኢንተርሎኪንግ የሚባለው ኮምፒዩተር ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ከፍተኛው የደኅንነት ደረጃ የሚጠይቀው አደገኛ ብልሽት በ100 ሚሊዮን የሥራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ በታች እንዲሆን ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒዩተሮች አንድን ሥራ ለየብቻ ሠርተው መልሳቸውን ያመሳክራሉ፤ ካልተስማሙ ምልክቱ ቀይ ይሆናል። እዚህ ላይ ማንም መሐንዲስ ከኢንተርኔት አውርዶ ሲስተም አይመርጥም፤ ተመስክሮለት ከአምራቹ ይመጣል። የእኛ ባለሙያዎች ድምፅ የሚሰማው በግዢ ውሉ ላይ ነው። የከፋው የምላሽ ጊዜ በጽሑፍ ተሰጥቷል? አምራቹ ቢዘጋ የምንጭ ኮዱ በሦስተኛ ወገን እጅ ተቀምጧል? መለዋወጫ ቦርዱ ለስንት ዓመት ይገኛል? ሥልጠናው ቁልፍ መጫን ነው ወይስ መመርመር? እነዚህ ጥያቄዎች ከተፈረመ በኋላ ሲነሱ የሚሰማቸው የለም።

አሁን ሁሉንም በአንድ ሥራ ላይ እንሞክረው፤ ለደቻቱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ብንሠራ። ላይ በደጋው የሚተከለው መለኪያ በባትሪና በትንሽ ሶላር የሚኖር ነው፤ ስለዚህ ፍሪ አርቶስ ያለበት ትንሽ ቺፕ። አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፣ በየደቂቃው ነቅቶ ይለካል፣ ውሃው ከፍ ሲል ቶሎ ቶሎ ይለካል። ከተማ ውስጥ መልእክቱን የሚቀበለው ኮምፒዩተር ተራ ሊኑክስ ይበቃዋል፤ ገደቡ በደቂቃ የሚቆጠር ስለሆነ አምስት ሚሊ ሰከንድ እዚህ አያሳስብም። ብዙ መሐንዲስ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በሰርቨሩ ከርነል ላይ ሳምንት ያጠፋል። ከመለኪያው እስከ ሳይረኑ ያለውን መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ደካማውን ቦታ ሌላ ቦታ ያገኘዋል። ዝናብ ሲጥል ኔትወርክ ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ መልእክቱ ሌሊት የሚደርሰው ሰው ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ሁለተኛ የሬዲዮ መስመር፣ ለሳይረኑ የራሱ ባትሪ፣ ሰው ሳይጠበቅ የሚጮህ ሕግ፣ በተጨማሪም መለኪያው በየሰዓቱ "አለሁ" እንዲልና ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ማንቂያ እንዲሆን ማድረግ፤ ገንዘቡ ወደዚህ መሄድ አለበት።

ኪልኑ ላይም ሆነ ጎርፉ ላይ ያለው ዘዴ አንድ ነው። ሥራው በገደቡ ልክ ይከፋፈላል፤ ጥብቁ ገደብ ትንሽ፣ ተነቦ ሊያልቅ ለሚችል ሲስተም ይሰጣል፤ ቀሪው፣ ስክሪኑ፣ ዳታቤዙ፣ ኢንተርኔቱ፣ ሰው በሚወደው ሲስተም ላይ ይሠራል። ትልቁ ቢወድቅ ትንሹ ብቻውን መቆም አለበት። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይሁኑ የሚል ሐሳብ ዋጋ ስለሚቀንስ ይማርካል፤ እኔ ግን የኪልኑን ረዳት ሞተር ሪፖርት ከሚያትመው ኮምፒዩተር ጋር አላገናኝም።

የቀረው መፈተን ነው። ለሊኑክስ ሳይክሊክቴስት የሚባል ነጻ መለኪያ አለ። በየሚሊ ሰከንዱ ቀስቅሰኝ ይላል፣ ሲቀሰቀስ ስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደዘገየ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ትንሹን፣ አማካዩን፣ ትልቁን። የሚነበበው ትልቁ ነው። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እያለ መለካት ትርጉም የለውም፤ ዲስኩ እየተጻፈ፣ ኔትወርኩ ተጨናንቆ፣ ስክሪኑ እየተሳለ፣ የሳጥኑ በር ተዘግቶ መሆን አለበት። ለምን ያህል ጊዜ? እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የቦይንግ 787 ዓይነት አውሮፕላን ታሪክ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለዚህ አውሮፕላን አንድ ትእዛዝ አወጣ፤ አራቱ ዋና የጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተሮች ሳይጠፉ 248 ቀን ከቆዩ አራቱም በአንድ ጊዜ ሥራ ሊያቆሙ እንደሚችሉ በላቦራቶሪ ተገኝቶ ነበር። መንስኤው ሰዓት የሚቆጥር ቁጥር ሞልቶ መፍሰሱ ነው፤ የሰከንድ መቶኛ እየቆጠረ፣ አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ተይዞ፣ በ32 ቢት የሚያዘው ቁጥር 248 ቀን ተኩል ላይ ይሞላል። እስኪስተካከል ድረስ መፍትሔው ኃይሉን በየጊዜው ማጥፋትና ማብራት ነበር። የአንድ ቀን ፈተና ይህን አያገኝም፤ የአንድ ወርም። የሚያገኘው ኮዱን ከፍቶ እያንዳንዱ ቆጣሪ መቼ እንደሚሞላ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ድሬ ላይ ለሚጫን ማንኛውም እንዲህ ያለ መሣሪያ በርክክብ ሰነዱ ውስጥ ሦስት ነገር እንዲገባ እጠይቃለሁ። ፈተናው አቅራቢው ቢሮ ሳይሆን መሣሪያው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በሞቃቱ ወራት፣ በሙሉ ጭነት ይደረግ። በፈተናው መካከል ኃይሉ በተደጋጋሚ ይቋረጥ፤ መሣሪያው ያለ ሰው እርዳታ ተነስቶ ወደ ሥራው የተመለሰበት ጊዜ ይመዝገብ። የተገኘው ትልቁ መዘግየት ደግሞ ከሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ በሌሊት ተራ የሚመጣው ቴክኒሻን ዛሬ የሚያየውን ቁጥር ከምን ጋር እንደሚያወዳድር እንዲያውቅ።